የልጅቷን ፊት ማን አጨለመው?

ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያስኬደው መንገድ ላይ በምትገኝ አንዲት የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በመጨረሻው ዕለት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ሰብስቤ በስልኬ ፎቶግራፍ አነሳኋቸው። ቀኑ ብራ፣ ሰዓቱም እኩለ ቀን ነው። እኔም እንደ አቅሚቲ ፎቶ አንሺ ነኝና ተራራው ከኋላ ይታይ ብዬ ልጆቹን ጉብታው ጫፍ ላይ ደረደርኳቸው። የደጋ ልጆች ናቸውና አብዛኞቹ ነጠላና ጋቢ ደርበዋል። ከተማ ገብቼ ፎቶ ቤት አሳጠብኩና በሳምንቱ ይዤላቸው ሄድኩ።

ተራራው አምሯል። ደመናው አምሯል። ጋቢው ያበራል። ፊት ግን የለም! አንዲት ልጅ ፎቶውን አገላብጣ አየችና «ጋሼ፣ እኔ የታለሁ?» አለችኝ። ከኋላዋ የነበረው ልጅ ቀበል አድርጎ «አንቺማ ከሰል ሆነሻል» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም፣ ሐፍረቴን ብደብቀው ምን ይጠቅማል፣ አብሬ ሳቅሁ። ልጅቷ ድርሻዋን ሳትወስድ ሄደች።

ይህን ለፎቶ ቤቱ ሽማግሌ ባጫውታቸው አልሳቁም። «ልጄ፣ ካሜራው ያነሳልህ ጋቢውንና ሰማዩን ነው፤ ልጆቹን አንሳ ብለህ መቼ ነገርከው?» አሉኝ። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው አነጋገራቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ እንደ እኛ ዓይን አያመዛዝንም። ከፊቱ ያለውን ብርሃን ይለካና ጠቅላላው ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲጠጋ አድርጎ ያነሳል። ባለሙያዎቹ ለዚህ መለኪያ የሚሆን፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ ካርድ አላቸው። እንግዲህ በስልኩ መስኮት ውስጥ የበዛው ነጭ ጋቢና ብሩህ ሰማይ ከሆነ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ሲቀንስ ደግሞ ለጋቢው ብቻ ለይቶ አይደለም፤ ፊትም አብሮ ይጨልማል። በበረዶ አገር ያሉ ሰዎችም በረዶው ግራጫ ሆኖ እየወጣ ያስቸግራቸዋል። የተገላቢጦሹን ማየት የሚፈልግ ወዳጁን ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ ያንሳው። ሰሌዳው መስኮቱን ከሞላው ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ብርሃን ይጨምርና ሰሌዳው አመድ ይመስላል፣ የሰውየውም ፊት ይገረጣል። ታዲያ ያኔ «ወዳጄ ነጭ ሆነ» የሚል አለ?

አዳዲሶቹ ስልኮች ፊት ፈልገው ብርሃኑን ለማስተካከል ይሞክራሉ። በየኪሳችን ያሉት የቆዩና ርካሽ ስልኮች ግን በዚህ በኩል ብዙ አይታመኑም።

ደግሞም ዕቃው ከመጀመሪያው እኛን አስቦ አልተሠራም። ሎርና ሮዝ የተባሉ የካናዳ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንደጻፉት፣ ኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ እንዲሆን ያድለው የነበረው ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ያለበት ነበር። ስሙም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የሸርሊ ፊት አምሮ ከወጣ ሥራው ተሳካ ማለት ነው። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አብረው ሲነሱ የጥቁሮቹ ፊት ጠፍቶ ዓይንና ጥርስ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። የሚያስገርመው ግን ሌላው ነው። ፊልሙ ጥቁርና ቡናማ ቀለምን ለይቶ እንዲያሳይ ኩባንያውን ከገፋፉት መካከል የቸኮላታና የቤት ዕቃ አምራቾች ይገኙባቸዋል። የቸኮላታቸውና የእንጨታቸው ዓይነት አልለይ አላቸዋ! ከሰው ፊት ቸኮላታ ቀደመ ማለት ነው። ጉግልም ቢሆን የጠቆረ መልክን በትክክል ያሳያል ያለውን የካሜራ ማሻሻያ በስልኩ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

እንግዲያው ምን እናድርግ? ሽማግሌው ያሳዩኝ ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ መስታወቱ ላይ የልጁን ፊት በጣት ነካ ማድረግ። በብዙዎቹ ስልኮች አንዲት ክብ ወይም ሳጥን ከትንሽ የፀሐይ ምልክት ጋር ብቅ ትላለች። ፀሐይዋን ወደ ላይ ሲስቧት ብርሃን ይጨምራል፣ ወደ ታች ሲስቧት ይቀንሳል። በቃ። ጋቢው ከልክ በላይ ቢነጣ፣ ሰማዩም ቢጠፋ ግድ የለም፤ እናቱ ፎቶውን የምትፈልገው ለጋቢው አይደለም። ከዚህም የሚሻለው መጀመሪያውኑ ልጆቹን ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ጥላ ሥር ሰብስቦ፣ ብሩህ ሰማይ ከኋላቸው እንዳይሆን አድርጎ ማንሳት ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። የካሜራዋን ዓይን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ ማድረግም አይዘንጋ፤ የኪስ አቧራና የጣት ወዝ የሚያበላሸው ፎቶ ብዙ ነው።

ስለ ፍላሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ስላየሁት ነው። በአዳራሽ በዓል ሲኖር ከኋላ ወንበር ሆነው ፍላሽ የሚያበሩ ጓደኞች አሉን። በፊዚክስ እንደተማርነው ብርሃን ከርቀቱ ካሬ ጋር ተገላቢጦሽ ነው። በ1 ሜትር ላይ ያለ ሰው ዘንድ የደረሰው ብርሃን በ2 ሜትር ሩብ፣ በ4 ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል። የስልክ ፍላሽ ደግሞ ከመነሻውም ትንሽ መብራት ናት። ስለዚህ ጓደኞቻችን የሚያነሱት መድረኩን ሳይሆን ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ማጅራት ነው! በቅርብም ቢሆን ቫዝሊን የተቀባ ግንባር በፍላሽ እንደ መስታወት ያበራል። የሰሌዳ ጽሑፍ ወይም በላስቲክ የተሸፈነ ቻርት በፍላሽ ያነሳ ሰው መሐሉ ላይ ነጭ እድፍ ያተርፋል፤ ፍላሹን አጥፍቶ ከጎን ቆሞ ያንሳ። ፍላሽ ጠቀመ የምለው ባልጠበቅነው ሰዓት ነው። በጠራራ ፀሐይ ባርኔጣ ያጠቆረውን ፊት በቅርብ ሆኖ ሲያነሱ፣ እሷን ታህል ብርሃን ከጥላው ውስጥ ዓይንን ታወጣለች።

«እጩ መምህር ስለ ሞጁሉ ያስብ እንጂ የፎቶ ነገር ምን ይሠራለታል?» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በየገጠሩ የምንመደብ እኛ ነን። ብዙ ልጆች የልጅነት ፎቶ ብለው የሚያስቀምጡት በመምህራቸው ስልክ የተነሳውን ብቻ ነው። በእርግጥ የልጅ ፎቶ ለማንሳት አስቀድሞ ወላጁን ማስፈቀድ ይገባል፤ ተፈቅዶ ሲነሳ ግን ልጁ ፎቶው ውስጥ መኖር አለበት። ልጅቷን ያሳፈራት መልኳ አይደለም፣ የእኔ አለማወቅ ነው። እኔ ግን ያን ዕለት ይህን ልነግራት አልቻልኩም፤ አላውቀውማ።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን ቻርትና ሞዴል እንሠራለን፤ ከሚቀጥሉት ቅዳሜዎች አንዱን ግማሽ ቀን ለዚህ ይስጡን። የሚያስፈልገው አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ ነጭ ጋቢ፣ ሦስት አራት ዓይነት ስልክና የራሳችን ፊት ብቻ ነው። ከተቻለም የፎቶ ቤቱን ሽማግሌ እንጋብዝ። ጋቢውን እኔ አመጣለሁ።