«ሳይበሉ ይምጡ»

እናቴ የተሰጣት ወረቀት ከመዳፌ አይበልጥም። የምርመራው ስም፣ የቀጠሮው ቀን፣ ከሥር ደግሞ በእስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት መስመር፦ «ሳይበሉ ይምጡ»። ቆሽቷ ላይ እብጠት ታይቶ ነበር፤ ቀዶ ሐኪሙ ሆዷን ከመክፈቱ በፊት እብጠቱ የትኛውን የደም ሥር እንደነካ በሲቲ ስካን ማየት ፈልጓል። ለዚህ ሁሉ የተሰጣት መመሪያ ያቺ መስመር ብቻ ነበረች።

እናቴ የሐኪም ትእዛዝ የምትይዘው እንደ ንስሐ አባት ቃል ነው። ከዋዜማው ምሽት 1 ሰዓት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። ጠዋት የስኳር ኪኒኖቿን በምራቋ ዋጠች። ከኪኒኖቹ አንዱ ግሊቤንክላማይድ ነው፤ ሰው ቢበላም ባይበላም ስኳሩን ያወርዳል። «ካልበሉ ይህኛውን አይዋጡ» ያላት ግን የለም። 4 ሰዓት ላይ ወረፋ እየጠበቅን ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሮጬ ስኳር የበዛበት ሻይ ሳመጣ አጠገባችን የተቀመጡ ሴትዮ በቅንነት «ተው ልጄ፣ ከቀመሰች ቀጠሮዋ ይቃጠላል» አሉኝ። እኔም ለአፍታ አመነታሁ። ያቺ አፍታ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

5 ሰዓት ላይ ስሟ ተጠራ። ባለሙያው ወረቀቱን አገላበጠና «የክሬቲኒን ውጤታቸውስ?» አለ፤ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን የደም ምርመራ ማለቱ ነው። አልነበረንም። 16 ሰዓት የተጾመበት ቀጠሮ ወደ ሌላ ቀን ተዛወረ።

ጠቤ ከዚህ ይጀምራል። ዝግጅት ማለት ጾም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ታካሚው ሆዱን ባዶ ካደረገ ተዘጋጅቷል ይባላል፤ ሕይወቱን የሚነካው ጥያቄ ግን ሳይጠየቅ ይታለፋል።

ጾሙ ከየት መጣ? ቀድሞ የሲቲ ስካን ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥር የሚሰጠው ባለ አዮዲን መድኃኒት፣ ኮንትራስት የሚባለው፣ ብዙ ሰው ያስመልስ ነበር፤ በጀርባው የተኛ ሰው ያስመለሰው ወደ ሳንባው እንዳይገባ ባዶ ሆዱን መምጣቱ ተገቢ ጥንቃቄ ነበር። በኋላ የመጡት ዝቅተኛ ኦስሞላሪቲ ያላቸው ኮንትራስቶች ማስመለሱን እጅግ ቀነሱት። የአውሮፓ ዩሮጄኒታል ራዲዮሎጂ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው መመሪያው ከእነዚህ በፊት መጾም እንደማይመከር በግልጽ አስፍሯል። መድኃኒቱ ከተለወጠ ቆየ፤ ትእዛዙ ግን ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ እናቴ ወረቀት ደረሰ።

ጾም ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለሆድ አልትራሳውንድ ባዶ ሆድ ያስፈልጋል፤ ሰው ሲበላ ሐሞት ከረጢቱ ይኮማተርና በውስጡ ያለውን ለማየት ያስቸግራል። ለማሕፀን አልትራሳውንድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውኃ ጠጥቶ ፊኛን ሞልቶ መምጣት ነው። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ለማደንዘዣ የሚጾመው ነፍስ ያድናል፤ ማንም እንዳይጥሰው። እሱም ቢሆን ልክ አለው፤ በተለመደው መመሪያ ቀላል ምግብ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል። አዛውንትን ከምሽት ጀምሮ በውኃ ጥም ማድረቅ የማደንዘዣውም ደንብ አይደለም። ታዲያ ለየትኛው ምርመራ፣ ለስንት ሰዓት፣ ውኃስ ይጨምራል ወይ? አንዲት መስመር ይህን ሁሉ አትመልስም።

ያልተጠየቀው ይብሳል። ኮንትራስቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። እንደ እናቴ ስኳር ላለበት ሰው ክሬቲኒን መታዘዝ የነበረበት ቀጠሮው በተያዘበት ቀን እንጂ በሩ ላይ አይደለም። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ በጣም ደክሞ ከሆነ መድኃኒቱን በዕለቱ አቁሞ 48 ሰዓት መቆየት፣ ኩላሊቱም ዳግም ታይቶ መጀመር አለበት። ከዚህ ቀደም ኮንትራስት ሲሰጠው ሰውነቱ አሳክኮት፣ ፊቱ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮት እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ ግድ ነው። አንዳንድ ቅጽ ይህን ትቶ የባሕር ምግብ አለርጂን ይጠይቃል። የባሕር ምግብ አለርጂ ከፕሮቲኑ የሚነሣ እንጂ ከአዮዲን ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ሽሪምፕ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ እናቶችን ይህን ጠይቆ የሚወስዱትን መድኃኒት አለመጠየቅ ጥፋት ነው።

ለኤምአርአይ የምትሄድ ሴትም እንዲሁ በሩ ላይ «ማተብዎን ያውልቁ» ስትባል ትደነግጣለች። አደጋው የብረት መስቀሉ እንጂ ክሩ አይደለም። ቤቷ ሳለች ቢነገራት በእንጨት መስቀል ትለውጠው ነበር።

ሰው በዝቶብን ለእያንዳንዱ ማስረዳት አንችልም ይሉናል። ብዛቱን አይቻለሁ፤ ባለሙያዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ሲሯሯጡም አይቻለሁ። ነገር ግን ክሬቲኒን ሳትይዝ መጥታ የተመለሰች ሴት ሌላ ቀን ሌላ ወረፋ ትይዛለች። መድኃኒቷን፣ ኩላሊቷን፣ የቀድሞ አለርጂዋን የሚጠይቅ፣ በምትሰማው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ቀጠሮ ሲሰጥ ቢነበብላት ጊዜ አይባክንም። ከዚያ ቀጥሎ የምርመራው ጠረጴዛ ላይ የሚደርስባትን መንገርም የዝግጅቱ አካል ነው፤ ይህ እንኳ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

በሁለተኛው ቀጠሮ እናቴ ገባች። መሣሪያው «ትንፋሽ ይያዙ» የሚለው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ አትሰማም። በአማርኛ ድምፅ ቀርጾ መጫን ይቻል ነበር። ኮንትራስቱ ሲገባ ሙቀት ከጉሮሮ እስከ ታች ይወርዳል፤ ለብዙ ሰው ሽንቱ ያመለጠው ይመስለዋል። ይህ የተለመደ ስሜት ነው፤ በደቂቃ ውስጥም ይጠፋል። ማንም አልነገራትም። ከክፍሉ ስትወጣ ነጠላዋን ወደ ኋላ እየጎተተች ቀሚሷን ትሸፍናለች፤ ዓይኔን ማየት አልፈለገችም። «ልጄ፣ አሳፈርኩህ» አለችኝ።

ቀሚሷን ዳሰስኩት። ደረቅ ነበር።