ትራፓኖ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ሳይሆን ትንሹን አንብቡ

ከሁሉ በፊት አንድ ይቅርታ አለብኝ። ባለፈው ዓመት የቀድሞ ተማሪዬ ቦንጋ ገበያ ላይ አግኝቶኝ «ቲቸር፣ የንብ ቀፎ ፍሬም መሥራት ልጀምር ነው። ትራፓኖ የቱን ልግዛ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ፊዚክስ ስለማስተምር ብቻ ስለ ማሽን ሁሉ የማውቅ ይመስለኛል። «ትልቁን ግዛ። ትልቁ ትንሹንም ይሠራል፤ ትንሹ ግን ትልቁን አይሠራም» አልኩት። ሲሰሙት ጥሩ አባባል ይመስላል አይደል? ልጁም አመነኝ። ከአጎቱ ተበድሮ ግድግዳ የሚበሳውን ባለ 13 ሚሊ ትራፓኖ ገዛ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፑንታ እየሰበረ፣ እንጨት እየሰነጠቀ፣ ከገዢው ጋር የተስማማበት ቀን አለፈ። አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይለኛል። አንገት መስበር የነበረብኝ እኔ ነኝ። እና እንደው ሌላው ሰው እንኳን የኔን ስህተት እንዳይደግም ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው።

ለማያውቀው ነገሩን ላስረዳ። እዚህ ካፋ አባቶቻችን ቀፎውን ጫካ ውስጥ ረጅም ዛፍ ላይ ሰቅለው ነው ማር የሚቆርጡት። እዚያ ቀፎ ላይ ፑንታ የሚያስፈልገው ሥራ የለም። ዘመናዊው ቀፎ ግን ሳጥን ነው፤ ውስጡ ፍሬሞች ተደርድረው ይንጠለጠላሉ። በየፍሬሙ ላይ ቀጭን ሽቦ ይወጠራል፣ የታተመው ሰም ሽቦው ላይ ይጣበቃል፣ ንቧም የማር እንጀራዋን እሱ ላይ ትሠራለች። ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ በፍሬሙ ግራና ቀኝ እንጨት ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ልጁ በአንድ ጎን 4 ይበሳል። ሁለት ጎን 8፣ ለ10 ፍሬም 80። ይሄ ለአንድ ቀፎ ነው። የያዘው ትእዛዝ የ20 ቀፎ ነበር፤ 1,600 ቀዳዳ ማለት ነው፣ እያንዳንዱ 2 ሚሊ።

«ቀዳዳ ምን ያደርጋል፣ በምስማር መትተህ አውጣው» የሚል አይጠፋም። በምስማር ስትመታው ቀጭኑ እንጨት ይሰነጠቃል። በጋለ ብረት ስትበሳው ዙሪያው ከሰል ይሆንና ሽቦው ሲወጠር እየበላው ይሄዳል። ቀዳዳው ከሰፋ ወይም ከተጣመመ ሽቦው ይላላል፣ ሽቦው ከላላ ሰሙ ይጎብጣል። ማር ሲደርስ ፍሬሙ አሽከርክሮ ማር በሚያወጣው ማሽን ውስጥ ሲገባ እንጀራው ተገንጥሎ ይወድቃል። ያኔ የሚከስረው አናጢው አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የጌተም አበባ ሲጠብቅ የከረመው ገበሬ ነው።

ታዲያ ትልቁ ትራፓኖ ለምን አልሆነም?

ትራፓኖው ላይ ፑንታውን የሚነክሰውን አፍ፣ ቻኩን ማለቴ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ብረቱ ላይ «1.5–13» የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ሁላችንም የምናነበው 13ን ነው። እኔም ያነበብኩት 13ን ነው። ለትንሽ ቀዳዳ ግን ቁምነገሩ ያለው ፊተኛው ቁጥር ላይ ነው፤ ከ1.5 ሚሊ በታች ያለውን ይሄ አፍ አይነክስም። 2 ሚሊ ደግሞ ድንበሩ ላይ ነው። ሦስቱ ጥርሶች ወፍራም ነገር ለመንከስ የተሠሩ ናቸው። ትንሽ ካረጁ ወይም መጀመሪያውኑ በደንብ ካልተሠሩ የፑንታው ጫፍ አንድ ቦታ ላይ አይሽከረከርም፤ ይዋልላል፣ ክብ ይሠራል። የሩብ ሚሊ መዋለል ለ13 ሚሊ ፑንታ ምንም አይደለም። ለ2 ሚሊው ግን የውፍረቱ አንድ ስምንተኛ ነው።

ክፍል ውስጥ ያላስተማርኳችሁን አንድ ነገር ልጨምር። የአንድ ዘንግ አለመታጠፍ ከውፍረቱ አራተኛ ፓወር ጋር ነው የሚሄደው። የ2 ሚሊ ፑንታ ከ4 ሚሊው በግማሽ ይደክማል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል፤ በ16 እጥፍ ነው የሚደክመው። ከአፉ የወጣው ርዝመት ደግሞ በሦስተኛ ፓወር ይገባል፤ ግማሹን ብታሳጥሩት 8 እጥፍ ይጠነክራል። ስለዚህ ለስላሳውን የፑንታ ግንድ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገቡት። ጥርሱ ግን የተጠማዘዘውን ክፍል እንዳይነክስ፤ እዚያ ጋ ከነከሰ ይሰብረዋል።

ፍጥነትም አለ። ትልቁ በደቂቃ 3,000 ዙር ገደማ ይዞራል እንበል። በዚህ ዙር የ13 ሚሊ ፑንታ ጠርዝ በደቂቃ 122 ሜትር ሲሄድ፣ የ2 ሚሊው 19 ሜትር ብቻ ይሄዳል። ትንሿ ፑንታ ቀስ ብላ ነው የምትበላው። ሰው ደግሞ ሲዘገይበት ይጫናል። ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ማሽን ይዞ የጥርስ እንጨት የምታክል ነገር ላይ ሲጫን ውጤቱን አስቡት። በዚያ ላይ የልጁ ማሽን ማዞሪያ የመዶሻው ምልክት ላይ ነበር! ግድግዳ የሚመታውን ነገር ለፍሬም። እሱን እንኳ ያየሁት በኋላ ነው።

(በነገራችን ላይ ትራፓኖ፣ ፑንታ፣ ሞርሳ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው፤ ወርክሾፖቻችን እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ ያወራሉ። ቻክ ግን እንግሊዝኛ ነው። በቁልፍ የሚጠብቀውን ባለ ሦስት ጥርስ ቻክ ፓተንት ያስደረገው አርተር ጄኮብስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1902።)

አሁን ወደ ምርጫው። ለትንሽ ቀዳዳ መጀመሪያ መገዛት ያለበት በእጅ የሚዞረው ትራፓኖ ነው ባይ ነኝ። ያ በጎኑ ባለ ጥርስ ጎማ ያለው፣ በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው የምታዞሩት። አፉ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ እንጨቱ ሲበዛበት እጃችሁ ይሰማዋል። መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ጌሻ ወይም ደቻ ገጠር ውስጥ ቀፎ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እስክሪብቶ የምታክል፣ በጣት ብቻ የምትሽከረከር የእጅ ቻክም አለች። እሷ ለጥቂት ቀዳዳ፣ ለመቁጠሪያ ዶቃ፣ ለአንገት መስቀል ትሆናለች፤ ለ1,600 ቀዳዳ ግን አትሞክሯት።

ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ያቺን ለመቅረጫና ለመሞረጃ የምትሸጠዋን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። አብዛኛውን ጊዜ ፑንታ የምትይዘው ኮሌት በሚባል የተሰነጠቀ ትንሽ ቱቦ ነው። የተለመዱት መጠኖች 0.8፣ 1.6፣ 2.4 እና 3.2 ሚሊ ናቸው። የኛ 2 ሚሊ የት ገባች? 1.6ቱ ውስጥ አትገባም፣ 2.4ቱ በደንብ አይነክሳትም። ስለዚህ ባለ ሦስት ጥርስ ትንሽ ቻክ አብሮ ከሌለ አትግዙ። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጉ፤ እንጨቱ ከጨሰ እየበሳችሁ ሳይሆን እያቃጠላችሁ ነው።

እንደ ልጁ ትልቁን ገዝቶ የተቀመጠስ? እሱም መላ አለው። ቀጥ ያለ ግንድ ያላት ትንሽ ቻክ ለብቻዋ ትሸጣለች፤ ግንዷን ትልቁ አፍ ይነክሳል፣ እሷ ደግሞ ትንሿን ፑንታ ትነክሳለች። የሁለቱ መዋለል ስለሚደመር እንደ ዋናዋ አትሆንም፤ ግን ከባዶው በጣም ትሻላለች።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን 2 ሚሊ ፑንታ በኪሳችሁ ያዙ። አስገቡና በቁልፉ አጥብቁ፤ አንዱን ቀዳዳ ብቻ አይደለም፣ ሦስቱንም በየተራ። ከዚያ ነጭ ወረቀት ከኋላው ይዛችሁ አዙሩት። ጫፉ አንድ ነጥብ ከሆነ ግዙ፣ ክብ ከሠራ አስቀምጡት። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው» ቢልም አስቀምጡት።

«ሁለት ትራፓኖ የሚገዛ ገንዘብ ማን አለው?» የሚለው ኮሜንት ገና ሳይጻፍ ይታየኛል። ልክ ነው፣ የለም። ለዚያም ነው ትንሹ ይቅደም የምለው። ትልቁ ከጎረቤት ይለመናል፤ ግድግዳ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምንበሳው? ትንሹን ግን ቦንጋ ውስጥ ከማን ትዋሳላችሁ? እኔ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ቦታ ነው፤ የትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ በእጅ የሚዞር ትራፓኖ። ጥርሱን ዘይት ቀብተን ለልጁ በፊርማ አስወጣሁለት። ባለ 4 ቀዳዳ ጠፍጣፋ ብረት ለልክ አዘጋጀንና እንጨቱ ላይ እያስቀመጠ ይበሳ ጀመር። መዳፉ ውሃ ቋጠረ፣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ፑንታ አልሰበረም። ዘግይቶም ቢሆን 200ውን ፍሬም አስረክቧል።

ወጣቶችን ለማደራጀት ዕቃ የምትገዙ ጓደኞቼም ይሄን ታነባላችሁ። እባካችሁ ዝርዝሩ ላይ «ድሪል፣ ብዛት 1» ብላችሁ አትለፉ። አፉ ከስንት ሚሊ እስከ ስንት እንደሚይዝ ጻፉ። ያ ካልተጻፈ ርካሹና ትልቁ ይመጣል፣ ልጆቹም እንደኔ ተማሪ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጡታል።

ልጁ አሁን ሁለተኛ ትእዛዝ ይዟል፤ ጌተም ሳያብብ ማስረከብ አለበት። ትራፓኖው ደግሞ የትምህርት ቤት ነው፣ መመለስ አለበት። በዚህ ሰሞን ከመርካቶ ወይም ከጅማ ወደ ቦንጋ የምትመጡ ካላችሁ በእጅ የሚዞር ትራፓኖ አፉ ከ1 ሚሊ በታች የሚጀምር፣ ወይም ትንሿን ባለ ግንድ ቻክ ካያችሁ ዋጋውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሒሳቡ በኔ ነው፤ ዕዳ አለብኝ። የ2 ሚሊ ፑንታም አንድ ደርዘን ጨምሩበት።