ጥድ ሁሉ የሐበሻ ጥድ አይደለም

እንደሚታወቀው፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ኮረብታውን አብዛኛውን የያዘው ባሕር ዛፍ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶውንም ማገሩንም ችሏል፤ ውለታውን አንክድም። የቀድሞው ባለቤት የሐበሻ ጥድ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽርና ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው የሱባ ደን ተገፍቷል። የሱባን ደን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደሆኑ ይነገራል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጥድማ በየትምህርት ቤቱ ሞልቶ የለም እንዴ?» ይሉናል። የሞላውማ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ነው እኮ! ከእርሱም ጋር ጠላቱ መጥቷል። በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ የታየው የጥድ ክሽክሽ በምሥራቅ አፍሪካ ተስፋፍቶ አገራችንም ደርሷል። ይህ ጥቃቅን ተባይ የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጠ ቅርንጫፉን ያደርቃል። የሐበሻው ጥድም የቅርብ ዘመድ በመሆኑ አይምረውም፤ ውሃ የጠማውን ዛፍ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ሁለተኛው አደጋ ሙቀት ነው። ሽቅብ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ታዲያ ሙቀቱ 1 ዲግሪ ቢጨምር፣ ጥዱ የለመደውን አየር ለማግኘት 170 ሜትር ያህል መውጣት ሊኖርበት ነው። ወጨጫ ግን ከ3,300 ሜትር ጥቂት አልፎ ያበቃል። ዛፍም እግር የለውም፤ ዘሩን የሚያጓጉዙለት ፍሬውን የሚበሉት ወፎች ናቸው። ወፎቹ የጣሉት ዘር የሚያርፈው በቆርቆሮ ቤትና በባሕር ዛፍ መሐል ከሆነ የት ይብቀል?

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው። በየግቢያችን የፈረንጅ ጥድ ብቻውን መደርደሩ ይብቃ። የሐበሻ ጥድ ወንዴውና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ በመሆኑም ዘሩ ከአንድ ዛፍ ሥር ሳይሆን ከብዙ እናት ዛፎች ይለቀም። ከወይራና ከዝግባ ጋር ተሰባጥሮ ይተከል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተደረደረበት ቦታ ለተባይ የተዘረጋ ገበታ ነውና።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል። መልካም ነው። ነገር ግን በሐምሌ የተተከለው በመጋቢት ይቆጠር፤ የደረቀውም ለምን እንደደረቀ ይመርመር። ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ ከወዴት ይገኛል?

«ጥድ ለማደግ ዕድሜ ይፈጃል» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን ይህን መምህር ሲለው አያምርበትም። የምናስተምረው ልጅስ በአንድ ክረምት ይደርሳል እንዴ?