የማርሴይ አሮጌ ወደብ፦ የፈረሰው ሰፈርና የተተካው ሕንፃ

በደቡብ ፈረንሳይ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ማርሴይ 2 ሺህ 600 ዓመታት ገደማ ያስቆጠረች የወደብ ከተማ ናት። ይሁንና በአሮጌው ወደብ ዳር ማዘጋጃ ቤቱን ግራና ቀኝ አጅበው የቆሙት የድንጋይ ሕንፃዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1943 የናዚ ጀርመን ጦር ከፈረንሳይ ፖሊስ ጋር በመሆን 20 ሺህ ያህል ነዋሪዎችን ከዚህ ሰፈር አስወጣ። በዚያው ሰሞን በከተማዋ በተካሄደው አፈሳ ከተያዙት መካከል ወደ 800 የሚጠጉ አይሁዶች ወደ ሶቢቦር የሞት ካምፕ ተላኩ። በቀጣዩ ወር 1 ሺህ 500 ያህል ቤቶች በድማሚት ፈረሱ። ወራሪዎቹ ሰፈሩን የአርበኞችና የወንጀለኞች መሸሸጊያ አድርገው ነበር የሚመለከቱት። ሆኖም አካባቢው "ለጤና አይመችም" በሚል እንዲፈርስ ከዚያ አስቀድሞ ያቀዱት ፈረንሳውያን የከተማ ፕላን ባለሙያዎች እንደነበሩ ሊዘነጋ አይገባም።

በስፍራው አዲሱን ሰፈር በመገንባት ጎልቶ የወጣው አርክቴክት ፌርናን ፑዮን ነው። በዚያው ዘመን ሌ ኮርቡዝዬ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ኮንክሪቱን ያለ ሽፋን ትቶ ያሠራው ግዙፍ የመኖሪያ ሕንፃ በ1952 ተመርቆ፣ በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፑዮን በአንጻሩ የጥንቱን የካባ ድንጋይ ከዘመናዊ የግንባታ ስልት ጋር አጣምሯል። ሕንፃዎቹ ለወደቡ ባዕድ አልሆኑም፤ ዛሬ ራሳቸው እንደ ቅርስ ይቆጠራሉ። ከተፈናቀሉት ዓሣ አስጋሪዎችና የወደብ ሠራተኞች ብዙዎቹ ግን ወደ ሰፈራቸው አልተመለሱም። የሕንፃው ማማር የእነርሱን ጥያቄ አልመለሰም፤ የፓሪስ ዐቃቤ ሕግም ጉዳዩን በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል በሚል መመርመር የጀመረው በ2019 ነው፤ ከ76 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

አሮጌውን ሰፈር ሳያፈርሱ መተው ብቻውን ነዋሪውን መጠበቅ እንዳልሆነም ማርሴይ አሳይታለች። ኖቬምበር 5 ቀን 2018 ከወደቡ ብዙም በማይርቀው የኦባኝ ጎዳና ለዓመታት ጥገና የተነፈጋቸው አሮጌ ቤቶች ተደርምሰው 8 ሰዎች ሞተዋል። ከአደጋው በኋላ ባለሥልጣናት በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ከመሰል ቤቶች ለማስወጣት ተገደዋል። ፍርድ ቤቱም በጁላይ 2025 በሰጠው ውሳኔ ከተከሳሾቹ መካከል በርካታዎቹን ጥፋተኛ ብሏል።