ሰማንያን የረሳ ክርክር

ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ደብረ ታቦር ላይ አፍ አውጥቶ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነውሩን ለጊዜው እንተወውና ክርክሩን እንያዝ። በሰንበቴውም በጠላ ቤቱም ተደጋግሞ የሚነሳው ስጋት አንድ ነው፤ ሕግ ይህን ከፈቀደ ቅዱስ ጋብቻ ይረክሳል የሚል።

ለመሆኑ የትኛው ጋብቻ? በፋርጣም ሆነ በእስቴ አያቶቻችን በአብዛኛው የተጋቡት በሰማንያ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ ማጫው ተቆጥሮ የሚታሰር ውል ነው። ካልተስማሙ ይፈታል፤ ሀብቱም ይካፈላል። ቁርባን ሌላ ነው። የቄሱና የዲያቆኑ ነው፤ ሌላው ምእመን ብዙውን ጊዜ በስተርጅናው የሚገባበት፣ የማይፈታ ምሥጢር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰማንያን ከምሥጢራቷ አልቆጠረችውም፤ የመንግሥት ሕግ ግን ጋብቻ ብሎ ተቀብሎታል። በየመንደሩ ስንት ሰማንያ ሲፈርስ ቁርባን ረከሰ ብሎ የጮኸ አልነበረም። እንግዲህ መንግሥት ሁለት ሰዎችን አዋውሎ መዘገበ ማለት ካህን ተክሊል ደፋላቸው ማለት አይደለም። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2006 ሕጉን ስታወጣ እምቢ ያለውን ካህን አጋባ ብላ አላስገደደችም።

«ባህላችን አይደለም» ይባላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ትዳር ነበር። በ1992 የፌዴራሉ፣ በ1995 የክልላችን የቤተሰብ ሕግ 18 አደረጉት። በዚህ ደጋ አሥር ዓመት ያልሞላትን ልጅ መዳርም ባህል ነበር። (ዐፄ ቴዎድሮስም ከእቴጌ ተዋበች ጋር ቆርበው ቁባት ማስቀመጥን አውግዘው ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው እስከ መጨረሻው አልዘለቁበትም እንጂ።) ያኛው ሕግ ይከለክላል፣ ይኸኛው ይፈቅዳል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔ የምለው ባህል መሆን አለመሆኑ ብቻውን ዳኛ አይሆንም ነው።

ልጅ አይወልዱም የሚለውን አልፈዋለሁ፤ መካኖችንና ሽማግሌዎችን ማን ከለከለ?

በቀላሉ የማላልፈው የወላጆችን ፍርሃት ነው፤ «ወንዶች ልጆቻችንን ይደፍሩብናል» የሚለውን። ሕፃን መድፈር ወንጀል ነው፤ ወንጀልም ሆኖ ይቀጥል። ነገር ግን የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ገልጣችሁ እዩ። አካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ የሚፈጸመውን በጽኑ እስራት የሚቀጣው አንቀጽ 631 ነው። አንቀጽ 629 ግን በፈቃዳቸው የተገናኙ ሁለት አዋቂዎችን የሚያስር ነው። 629 ቢሰረዝ 631 አንዲት ፊደል አይጎድልበትም። እንዲያውም እኔ እንደሚመስለኝ፣ የተደፈረው ልጅ አፉን የሚዘጋው «አንተም ከእነርሱ ነህ» እንዳይባል ፈርቶ ነው። ደፋሪውን ከሁለት አዋቂዎች ጋር በአንድ ስም የጠራ አፍ ለልጁ አልደረሰለትም።

የጋብቻው ነገር በእኛ አገር ገና ሩቅ መሆኑ አይጠፋኝም። ሁለት ሴቶች በአንድ ጎጆ ሃያ ዓመት ቢኖሩ፣ አንዷ ሳትናዘዝ ብትሞት፣ ወንድሞቿ መጥተው ላሟንም ጎተራውንም ይረከባሉ። የቀረችው ጎረቤት ነበርኩ፣ ደባል ነበርኩ ከማለት በቀር የምታነሳው መብት የላትም። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ የሚጠብቃት 629 ነው።