ቬንዙዌላ፦ ለአንድ ወንበር ሁለት ፕሬዚዳንት፣ ለአንድ ድቀት ሁለት ምክንያት

ባሕር ዳር፦ ጥር 30/2011 ዓ.ም

ቬንዙዌላ ከጥር 15/2011 ዓ.ም ጀምሮ ሁለት ሰዎች በፕሬዚዳንትነት የሚጠሩባት ሀገር ሆና ነበር። ኒኮላስ ማዱሮ ጦሩንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ያዝዙ ነበር። በወቅቱ የብሔራዊ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ የነበሩት ሁዋን ጓይዶ ደግሞ በዚያ ዕለት በዋና ከተማዋ ካራካስ በሕዝብ ፊት ቃለ መሐላ ፈጽመው ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት መሆናቸውን አውጀዋል። ውዝግቡ በሥልጣን ላይ ብቻ የሚቆም አልነበረም። በዓለም ከፍተኛው የተረጋገጠ የነዳጅ ክምችት ያላት ሀገር ዜጎቿን መመገብ ለምን ተሳናት የሚለው ክርክርም አብሮ ተነሥቷል።

የሥልጣን ውዝግቡ መነሻ ግንቦት 12/2010 ዓ.ም የተካሄደው ምርጫ ነው። ታዋቂ የተቃዋሚ መሪዎች ታስረው ወይም እንዳይወዳደሩ ታግደው ስለነበር ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ። ማዱሮም አሸናፊ ተብለው ጥር 2/2011 ዓ.ም ለሁለተኛ የሥልጣን ዘመን ማሉ። ተቃዋሚዎች ምርጫው ሕጋዊ ስላልነበረ ወንበሩ ባዶ ነው ይሉ ነበር፤ ለዚህም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 233 ይጠቅሱ ነበር። አንቀጹ የተመረጠው ፕሬዚዳንት ሥልጣን ከመያዙ በፊት ወንበሩ ክፍት ሲሆን አፈ ጉባኤው በጊዜያዊነት እንዲመራና በ30 ቀናት ውስጥ ምርጫ እንዲካሄድ ይደነግጋል። የማዱሮ ወገን በበኩሉ አንቀጹ የሚሠራው ፕሬዚዳንቱ ሲሞት፣ ሥልጣኑን ሲለቅ ወይም በፍርድ ቤት ሲሻር እንደሆነና ከእነዚህ አንዱም እንዳልደረሰ ይከራከር ነበር።

ይህን ክርክር መዳኘት የሚገባው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነበር። ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎች ኅዳር 2008 ዓ.ም የምክር ቤቱን አብላጫ መቀመጫ ካሸነፉ በኋላ ፍርድ ቤቱ የምክር ቤቱን ውሳኔዎች በተደጋጋሚ ሽሯል፤ መጋቢት 2009 ዓ.ም ደግሞ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ለመውሰድ ሞክሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ መንግሥት ሌላ የሕገ መንግሥት ጉባኤ አስመርጦ ከምክር ቤቱ በላይ አደረገው። በዚህም ምክንያት ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ዳኛ በሀገሪቱ አልነበረም።

የዳኛ መጥፋት ጉዳዩን ወደ ውጭ አውጥቶታል። አሜሪካ ጓይዶ ራሳቸውን ባወጁበት ዕለት ዕውቅና ሰጥታቸዋለች፤ ጥር 27 ቀን ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ስፔን ተከትለዋል። ሩሲያ፣ ቻይና፣ ኩባና ቱርክ ከማዱሮ ጎን ቆመው ነበር። ጥር 18 ቀን ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት እንዲታይ ድምፅ ሲሰጥ፣ ደቡብ አፍሪካና ኢኳቶሪያል ጊኒ ከሩሲያና ከቻይና ጋር ሆነው ተቃውመዋል።

በኢኮኖሚው ላይም ሁለት ትርክቶች ነበሩ። ማዱሮ ድቀቱን “የኢኮኖሚ ጦርነት” ይሉት ነበር፤ ተጠያቂዋንም አሜሪካን ያደርጉ ነበር። ተቃዋሚዎች ምክንያቱ የመንግሥት ብልሹ አሠራርና ሙስና ነው ይሉ ነበር። የክስተቶቹ ቅደም ተከተል ሲታይ ግን ብዙው ጉዳት ከማዕቀቡ በፊት የደረሰ ነው።

በ1995 ዓ.ም በመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ የተነሣውን የሥራ ማቆም አድማ ተከትሎ፣ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሁጎ ቻቬዝ 18 ሺህ ገደማ ሠራተኞችን አሰናበቱ። ከእነዚህ መካከል ብዙ ልምድ ያካበቱ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቀን ከ3 ሚሊዮን በርሜል በላይ ይወጣ የነበረው ነዳጅ ጥር 2011 ዓ.ም ላይ ከ1 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር።

ለአርሶ አደሩ ይበልጥ ቅርብ የሆነው የግብርናው ታሪክ ነው። በ1995 ዓ.ም መንግሥት ምግብ ለድሃው እንዳይወደድ በማለት የብዙ ሸቀጦችን ዋጋ ወሰነ። ዓላማው በጎ ቢመስልም የተተመነው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከማምረቻ ወጪው በታች ሆነ። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት በቡናና በካካዎ የምትታወቀው ሀገር ከ2002 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ቡና ከውጭ ታስገባ ጀመር። አምራቾች ምርታቸውን በድብቅ ድንበር አሻግረው በኮሎምቢያ መሸጥ አዋጭ ሆኖ አገኙት። በ2003 ዓ.ም ለገበሬው ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የተባይ መድኃኒትና ብድር ያቀርብ የነበረው ትልቁ የግል ኩባንያ በመንግሥት ተወረሰ፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው ግብዓት በወቅቱ ማግኘት ተቸገረ። የነዳጅ ዶላር እስካለ ድረስ ምግብ ከውጭ ይገዛ ስለነበር ጉድለቱ ጎልቶ አልታየም። ከ2006 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ ሲያሽቆለቁል ግን ከውጭ የሚገዛበት ገንዘብም፣ የጎደለውን የሚሞላ የሀገር ውስጥ ምርትም ጠፋ።

መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ገንዘብ በማተም ሊሸፍን ሞከረ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም ከቦሊቫር ላይ አምስት ዜሮዎች ቢቀነሱም የዋጋ ንረቱ አልቆመም። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2019 የዋጋ ንረቱ 10 ሚሊዮን በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ተንብዮ ነበር። ይህም በዓመቱ መግቢያ በ1 ቦሊቫር የተገዛ ዕቃ በዓመቱ ማብቂያ 100 ሺህ ቦሊቫር ያወጣል እንደ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዳለው በወቅቱ ሀገሪቱን ለቀው የወጡ ዜጎች ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

ይህ ማለት ማዕቀቡ ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። ነሐሴ 2009 ዓ.ም የተጣለው ማዕቀብ መንግሥት በአሜሪካ ገበያ አዲስ ብድር እንዳያገኝ ከልክሏል። ጥር 20/2011 ዓ.ም በነዳጅ ኩባንያው ላይ የተጣለው ግን ከዚያም የከፋ ነበር። ወደ ቻይናና ሩሲያ የሚሄደው ነዳጅ በከፊል ለቀድሞ ዕዳ መክፈያ ሲውል፣ አሜሪካ ደግሞ በእጅ በእጅ የምትከፍል ዋና ገዢ ነበረች። ያ ገንዘብ ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚጎዳው ከውጭ በሚገባ ስንዴና መድኃኒት ላይ የተንጠለጠለው ነዋሪ ነበር።

በጥር 2011 ዓ.ም መጨረሻ ከኮሎምቢያ ጋር የሚያገናኝ አንድ ድልድይ በኮንቴይነሮች ተዘግቶ ነበር። ጓይዶ በዚያ በኩል የምግብና የመድኃኒት ዕርዳታ እንደሚገባ ሲናገሩ፣ ማዱሮ ዕርዳታው የጦር ጣልቃ ገብነት መሸፈኛ ነው ይሉ ነበር። ለሕሙማንና ለሕፃናት የታሰበው ዕርዳታ ራሱ የሥልጣን መፈተኛ ሆኖ ነበር።

በዚያን ወቅት የቅርቡን ጊዜ የሚወስኑት የጦሩ አቋምና የነዳጁ ገንዘብ በማን እጅ እንደሚገባ ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሉት የምርጫ ቦርድ እስካልቆመ ድረስ ግን ቀጣዩ አሸናፊም ተመሳሳይ ክስ ይጠብቀው ነበር። ወንበሩን ማንም ይያዘው፣ ገበሬው ወጪውን የሚሸፍን ዋጋ፣ በወቅቱ የሚደርስ ዘርና እስከ ቀጣዩ መኸር ዋጋውን የማያጣ ገንዘብ ካላገኘ የካራካስ ገበያ ሊሞላ አይችልም።