«ሌላ ሐሳብ የለም አይደል?»

በመሥሪያ ቤቶቻችን ስብሰባ ተቀምጣችሁ ከሆነ ይህችን አነጋገር ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል፤ ወረቀቱን ይሰበስባል፤ ከዚያም «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ያለው የለም አይደል?» ይላል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። በቃለ ጉባኤው ላይም «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ተብሎ ይሰፍራል።

ለመሆኑ ይህ ጥያቄ ነውን? በሰዋስው ሚዛን አዎን ነው። በተግባር ግን በር መዝጊያ ነው። ሰብሳቢው «የለም» ካለ በኋላ እጁን የሚያወጣ ሰው፣ ሐሳቡን ከማቅረቡ በፊት አለቃውን ማስተባበል ይኖርበታል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በመሥሪያ ቤትና በሐኪም ክፍል የሚደረገውን ንግግር እየቀዱ ቃል በቃል የሚመረምሩ ምሁራን አሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ጆን ሄሪቴጅ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ 20 የቤተሰብ ሐኪሞችና 224 ታካሚዎች የተሳተፉበት ነበር። ከፊሎቹ ሐኪሞች «ሌላ ችግር አለዎት?» ሲሉ፣ በእንግሊዝኛ ወደ «የለም» በምታዘነብል ቃል ጠየቁ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ወደ «አለ» በምታዘነብለው። የመጀመሪያዋ ያመጣችው ጉልህ ለውጥ አልነበረም። ሁለተኛይቱ ግን ሳይነገሩ ይቀሩ ከነበሩት ችግሮች 78 በመቶ ያህሉን አስቀረች። የምርመራውም ጊዜ አልረዘመም። እንግዲህ «ሰዓት የለንም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይወድቃል።

እርግጥ ነው፣ ሐኪም ታካሚውን ከሥራ አያባርርም፤ ከደረጃ ዕድገትም አያግደውም። «ዝም አይነቅዝም» እያለ ያደገ ሠራተኛ ፍርሃቱን በአንዲት ቃል ለውጥ አይጥልም። ነገር ግን ፍርሃት እንዳለ የሚያውቅ ሰብሳቢ ፍርሃቱን የሚያግዝ ጥያቄ ከመረጠ፣ ዝምታውን የፈጠረው ተሰብሳቢው ብቻ አይደለም። በረቂቅ ሕግና በልማት ዕቅድ ላይ «ሕዝቡ ተወያይቶ ተስማማ» ሲባል ስሰማ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እንዴት ተብሎ ተጠየቀ?

ሌላውን ብቻ እንዳልወቅስ፣ እኔም በመማሪያ ክፍል «ገብቷችኋል አይደል?» ብዬ ሰሌዳውን ያጠፋሁባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ያልገባቸው ተማሪዎች እንደነበሩ የነገረኝ የፈተና ወረቀታቸው ነው።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው መልሱን ብቻ ሳይሆን የጥያቄውንም ቃል ይመዝግብ። ሰብሳቢም «ሌላ ምን ሐሳብ አለ?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ብሎ ይጠብቅ። ዝምታን እንደ ድምፅ መቁጠር ግን ይብቃ።